በኅዳር የቆረጥኩት ቅጠል

ሌሞ፣ ጥቅምት 14

ውድ ትርፌ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው ነው። ካስረዘምኩት ወረቀቱን ይጨርስና ዋናው ነገር ሳይጻፍ አጥፌ እልከዋለሁ፤ ጠባዬን ታውቂዋለሽ። እኛ ደህና ነን። በቀለ ወገቡን ያመዋል፣ ላሚቱ ነጥፋለች፣ ጣሪያው እንደዚያው ያፈሳል። ደህና ነን ማለት እንግዲህ በዚህ ዘመን ይሄ ነው።

ለምን አልደወለችም ትዪ ይሆናል። ደውዬማ ነበር፣ ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያው ስለ ሻሸመኔ ውሃ መጥፋት ስታወሪልኝ የሞላሁት ካርድ አለቀ። በሁለተኛው ኔትወርኩ ተቆረጠ ብዬሻለሁ፤ አልተቆረጠም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። በሦስተኛው ደግሞ «ጣቢታ፣ ከሰው ሁሉ እውነቱን የምትነግሪኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ማንሳት አቃተኝ። በሀዲይኛ በአፌ ባወራሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው በአማርኛ ነው፣ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስህተቱን እያለፍሽ አንብቢው። ስታነቢም ብቻሽን ሁኚ፣ ልጅሽ ምሕረት ከሥራ ሳትመለስ።

ነገሩ ስለ ምራትሽ ስለ ሐዳሳ ነው። ስሟን ስታዪ ወረቀቱን እንዳትጥዪው እለምንሻለሁ። ወሯ እየገባ ነው፤ ጤና ጣቢያ በኅዳር አጋማሽ ትወልዳለሽ ብለዋታል። አንቺ ደግሞ «እሷ ባለችበት ደጅ አልቆምም» ብለሽ ከሄድሽ አራት ወር አለፈሽ። ልጅሽ ሆሴዕ ወደ ሚስቱ ቢያደላ እናቱ፣ ወደ እናቱ ቢያደላ ሚስቱ፣ ክረምቱን በዝምታ ጨረሰው። ይህ ሁሉ የመጣው እንሰትሽን ያደረቀው በሽታ በእሷ ችግኝ ገባ ብለሽ ስላመንሽ ነው። ትርፌ፣ በእሷ አልገባም። በእኔ ነው የገባው።

ይኸው ጻፍኩት። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አምና በኅዳር ለሆሴዕ ሠርግ የሚሆን እንሰት ልንፍቅልሽ የተሰበሰብንበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት፣ ከበረታችን ጀርባ ሁለት እንሰት የመሐል ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ሲጎነበስ አየሁ። የበሽታውን ነገር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ ቤቴል በጥቅምት ሰብስባን «ስትቆርጡት ቢጫ ዝልግልግ ነገር ካወጣ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። ነቅላችሁ ቅበሩት፣ ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት፣ ለጎረቤት ንገሩ» ብላን ነበር። ቆረጥኩት። ቢጫው ወጣ።

ለጎረቤት ንገሩ! ይሄን ማለት ለቤቴል ቀላል ነው፣ እሷ ጓሮ የላትም። እንሰት ታመመብኝ የምትል ሴት በእኛ አገር ምን እንደምትባል አንቺም እኔም እናውቃለን። ሰነፍ ናት ይባላል። ጓሮዋን አታይም፣ ወይም ቤቷ ውስጥ ያልተናዘዙት ነገር አለ ይባላል። ልጅ ሊያጩ የሚመጡ ሽማግሌዎች እንኳ ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው የሚሄደው ወደ እናትየው እንሰት ነው። ስለዚህ አንቺ ጋ በምንመጣበት ጠዋት፣ ሰው ሳይነሣ፣ ሁለቱን ቆረጥኳቸው። የሚበላውን ለየሁ፣ የቀረውን ከገለባ ሥር ደበቅኩ። ቢላዋዬን በቅጠል ጠረግ ጠረግ አደረግኩና በዚያው ቢላዋ አንቺ ጋ መጣሁ።

በጓሮሽ እሳት ነበር። የምሳውን ጎመን ጥደሽበት ነበር። እያንዳንዳችን እንደ ልማዳችን መፋቂያችንንና ቢላዋችንን ይዘን ስንገባ ሂሩት ምን አለች? «ያቺ ቤቴል የምትባለው ልጅ ቢላዋችሁን ጥበሱ ትላለች፤ ሥጋ በሌለበት ቤት ቢላዋ ይጠበሳል እንዴ!» ሁላችን ሳቅን። እኔ ከሁሉ አብልጬ ሳቅኩ። አንቺ እንኳ «ተዪ እባክሽ፣ ልጅቱ ለእኛው ብላ ነው» ብለሽ ነበር። ያኔ ተነሥቼ ቢላዋዬን እሳቱ ውስጥ ብከተው ኖሮ ሁሉም ዞሮ «ምነው ጣቢታ፣ ያንቺ ታሟል እንዴ?» ይለኝ ነበር። ይቺን ፈራሁ። እሳቱ ከእግሬ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር፣ ትርፌ።

«ቅጠሉን ጣቢታ ትቁረጥ፣ እጇ ልከኛ ነው» አልሽ። የቆጮውን ጉድጓድ ለማልበስ ብዙ ቅጠል ያስፈልግሽ ነበር። ከአጥሩ ጀምሬ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ፣ በላይኛው ረድፍ ካለው ከእያንዳንዱ እንሰት ሁለት ሁለት ቅጠል እየቆረጥኩ ሄድኩ። እየዘመርን ነበር። ደስ የሚል ቀን ነበር፣ ከዓመቱ ቀን ሁሉ እሱን እወደው ነበር። በኋላ የደረቀው ያ ረድፍ ነው። ከአጥሩ በኩል ጀምሮ፣ እኔ በሄድኩበት ቅደም ተከተል።

ሠርጉ በጥር አለፈ። ሐዳሳ ለቅልቅሉ ዶዮገና ወላጆቿ ጋ ደርሳ ስትመለስ እናቷ ያሸከመቻትን አሥራ ሁለት ችግኝ አይሱዙ ላይ ጭና መጣች። «እናቴ ባዶ እጅሽን ወደ አማትሽ አትመለሺ አለችኝ» ስትልሽ ግንባሯን ሳምሻት፤ እዚያ ነበርኩ። ከታች፣ ከቦዩ አጠገብ ተከላችኋቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የላይኛው ረድፍ መጠውለግ ጀመረ። አንድ፣ ቀጥሎ ያለው፣ ቀጥሎ ያለው።

በመጋቢት ነው። አጥሩን ተደግፈሽ «ከዶዮገና ሞት ጭና መጣችብኝ» አልሽ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ «አይደለም እንዴ፣ ጣቢታ?» አልሽኝ። እኔም «እንግዲህ ምን ይታወቃል» አልኩ። ሦስት ቃል ናት። ዋሸሁ አይባልም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሎት ላይ ዓይኔን ስጨፍን የምሰማው ያንኑ ሦስት ቃል ነው።

ችግኞቿን ስትነቅዪ አብሬሽ ነቀልኩ። አረንጓዴ ነበሩ። ሥራቸው ነጭ ነበር፣ ምንም የነካው ነገር አልነበረም። እያየሁ ነቀልኩ፣ እያየሁ እሳት ውስጥ ጣልኩ። በሰኔም «እዚህ ቁጭ ብዬ የጓሮዬን ሬሳ አልጠብቅም» ብለሽ ወደ ምሕረት ስትሄጂ ሻንጣሽን እስከ መናኸሪያው የተሸከምኩልሽ እኔው ነኝ። አመሰገንሽኝ።

ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ ትያለሽ። በመስከረም መጨረሻ ቤቴል አምስት ሴቶች መርጣ ሆሳዕና ስብሰባ ወሰደችን። አዳራሹ ውስጥ መነጽር ያደረገ፣ ከሩቅ የመጣ ሰውዬ የዓለምን ካርታ ግድግዳ ላይ አብርቶ ብዙ አወራ። የዓለም ሕዝብ ከስምንት ቢሊዮን አልፏል አለ። ዝናቡ ጊዜውን ስቷል፣ አፈሩ ደክሟል፣ አንድ አገር ሲዋጋ የሌላው አገር ማዳበሪያ ይወደዳል አለ። እኔ በሆዴ፣ ጌታዬ፣ ይሄን ለመስማት ሆሳዕና ድረስ መምጣት አያስፈልገኝም እላለሁ። በልጉ ቀረ። ክረምቱ መጥቶ አልሄድ አለ። ስንዴያችንን ዋግ በላው። ሰው ሲደክመው የዓለም መድከም አያጽናናውም። ሂሩት አጠገቤ አንቀላፍታ ነበር፤ ሰውዬው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይብላ?» ሲል ብንን ብላ «ሻዩ መጣ እንዴ?» አለች።

ከሻይ በኋላ የእኛን እንሰት አሳየ። የመሐል ቅጠሉ የተጎነበሰ፣ ልክ እንደ እኔ ሁለቱ። «ይህ በሽታ ከጓሮ ጓሮ በምን ይሄዳል? እግር የለውም» አለ። «እግሩ እኛ ነን» አለች ቤቴል ከኋላ። «እንግዲያው በጓሮዋ ይህን ያየች እጇን ታውጣ» አለ። ስንት ቀበሌ ሴት በተቀመጠበት አንድ እጅ አልወጣም። እኔም የእኔን ከነጠላዬ ሥር ይዤ ተቀመጥኩ። ግን ዘወር ዘወር ብዬ ፊታቸውን ሳይ፣ አንዳንዷ ልክ እንደ እኔ ወደ ታች ታያለች።

ስንመለስ ጋሪው ላይ ከቤቴል አጠገብ ተቀመጥኩና «ለአንዲት ሴት ልጠይቅላት» አልኳት። «የታመመ እንሰት በቆረጠችበት ቢላዋ የሌላ ሰው ጓሮ ገብታ ቅጠል ብትቆርጥ፣ በስንት ጊዜ ይታያል?»

«እንደ ሁኔታው ነው፤ ከወር ጀምሮ ሊታይ ይችላል። ሁለት ሦስት ወርም ይቆያል» አለች።

«ከታች የተተከለ ጤነኛ የሚመስል ችግኝስ፣ ራሱ ሳይጠወልግ የላይኛውን ረድፍ በሁለት ሳምንት ያደርቃል?»

«አያደርቅም» አለችና አየችኝ። ልጅ ናት እንጂ ሞኝ አይደለችም። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ማታ አልጋችን ላይ ለበቀለ ነገርኩት። «አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ፣ «የደረቀ እንሰት በንስሐ አይለመልምም።» እውነቱን ነው። ግን ሐዳሳ እንሰት አይደለችም። ሁለት ሳምንት ደግሞ እንደዚያ አድርጌ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ፣ ገፋሁት። ባለፈው ሰኞ ተነሥቼ ሄድኩ።

ያን ሆዷን ይዛ ጉቶ ስትቆፍር አገኘኋት። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?» አልኳት።

«ካልተነቀለ አይቀበርም፣ ካልተቀበረ መሬቱ አይድንም፣ እትዬ ጣቢታ። ሆሴዕ ትናንት ግማሹን ጨርሶ ወገቡ እንቢ አለው። የናንተ ሰፈር ወንድ ወገቡ ምን ሆኖ ነው?»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አካፋውን ተቀበልኳትና ቆሜ ነገርኳት። ቁጭ ብዬ ልነግራት ነበር ያሰብኩት፣ ግን ቁጭ ካልኩ የምነሣ አልመሰለኝም። የደበቅኩትን፣ የጠረግኩትን፣ ቅጠሉን፣ ያቺን ሦስት ቃል፣ ሁሉንም።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጉቶው ላይ ቁጭ አለችና «እኔኮ እናቴ የታመመ ሰጠችኝ ብዬ አምኜ ነበር» አለችኝ። «እማማ ትርፌ ደጋግመው ሲሉኝ አመንኩ። ከፋሲካ ወዲህ የእናቴን ስልክ አላነሣሁም። ማርገዜን እንኳ የሰማችው ከሰው ነው።»

ይሄን አላውቅም ነበር፣ ትርፌ። አንቺም አታውቂም። አንድ ጓሮ አደረቅኩ ብዬ ነበር የማስበው። እኔ ለሰው ስም ስጨነቅ ዶዮገና ውስጥ አንዲት እናት ምን በድዬ ነው እያለች ስልክ ይዛ ትቀመጥ ነበር። ሐዳሳ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ደወለች። በከምባትኛ ነው ያወሩት፤ ግማሹን ሰማሁት፣ ግማሹን ከለቅሶው ተረዳሁት። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ፣ ገና አልቻልኩም። ለእሳቸው ንገሪያቸው። በስልክ ግን አይሆንም፣ ይዘጉብሻል» አለችኝ። አየሽ፣ ምን ያህል እንደምታውቅሽ።

ሐሙስ በሴቶች ኅብረት ላይ ምስክርነት ያለው ሲባል ተነሣሁ። ለሐዳሳ የነገርኳትን ሁሉ ተናገርኩ። መጀመሪያ የተናገረችው ሂሩት ናት፤ «አንቺ ሴት፣ እኔ ጋም ቅጠል ቆርጠሻልኮ!» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እውነቷን ነው፣ ቆርጫለሁ። ከዚያ ከኋላ ወንበር እትዬ አዜብ፣ ጓሮዋን እንደ ምሳሌ የምንጠራት አዜብ፣ «የእኔም ከታመመ ሁለት ክረምት ሆነው» አለች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ። ከዚያ ሌላዋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንሰማ ያደግን ሴቶች፣ ሁላችንም ደብቀን በየደቦው እየተሳሳቅን ቢላዋችንን ስናዞር ከርመናል።

እሑድ ሂሩት ደጄ ድረስ መጣች። አልገባችም። «የእኔም ሦስት ደርቀዋል» አለች፤ «ካንቺ ይሁን ከሌላ አላውቅም። እስካውቅ ድረስ እየረገምኩሽ እቆያለሁ።»

«እርገሚኝ፣ ግን ቅበሪያቸው» አልኳት።

«ቀብሬያቸዋለሁ፣ ምን መሰልኩሽ!» ብላኝ ሄደች።

አሁን የተስማማንበት ነገር አንድ ነው፤ ቢላዋም መፋቂያም ከቤት አይወጣም። ለደቦ የሚሄደው እጅ ብቻ ነው። የጓሮው ባለቤት የራሷን ቢላዋ በእሳት ለብልባ ታቀርባለች፣ ማንም ለምን አይልም። የታመመውን ነቅለን የቀበርንበት ቦታ ላይ ድንችና ቦሎቄ እየዘራን መሬቱን እናቆየዋለን። የሐዳሳ እናት ከዚያው ዘር ሌላ ችግኝ እልካለሁ ብላለች፤ ቤቴል አንዳንዱ ዘር በሽታውን ይችለዋል፣ ግን ይሄ ከእነሱ ይሁን አይሁን ሳይሞከር አይታወቅም አለች። ተስፋ ልሰጥሽ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እንሰት ለመብላት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ። እስከዚያ በቆሎ ዱቄት እየገዛን ነው የምንቆየው፤ ቆጮ ሻጭ የነበርን እኛ «ቆጮ ስንት ገባ?» እያልን ሆሳዕና ገበያ እንዞራለን። ያ መነጽራሙ ሰውዬ ለስምንት ቢሊዮን ያስብ፣ እኔ የአንቺ ጓሮ ከብዶኛል።

ይሄን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሆሴዕ ነው። ምን እንደተጻፈበት ያውቃል፤ ሚስቱ ነግራዋለች። አድርስልኝ ብዬ ስለምነው ሰላም አላለኝም፣ ግን የመሳፈሪያውን ብር ተቀብሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

የምለምንሽ ለራሴ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነበርሽ፤ ልጆቼን ስወልድ እጄን የያዝሽኝ አንቺ ነሽ፣ ያ ሁሉ እንደሚቆረጥ አውቄ ነው እስክሪብቶ ያነሣሁት። የምለምንሽ ወደ ሐዳሳ እንድትመለሺ ነው። እናቷ ትመጣለች፣ ግን አራሷ የምትተኛው በአንቺ ቤት ነው፣ የሚወለደው የአንቺ የልጅ ልጅ ነው፣ ሕፃኑንም መጀመሪያ ልታጥቢው የሚገባሽ አንቺ ነሽ። ልጅቱ ኑ ብላ አትልክብሽም፣ እሷም እንደ አንቺው ናት። ግን ትናንት ሳልፍ የአልጋሽን አንሶላና ብርድ ልብስ አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታው አየሁ። «ምነው?» አልኳት። «አቧራ ነክቶት ነው» አለችኝ። ከአልጋ ልብስሽ በቀር ሌላ የታጠበ ነገር አልነበረም።

እኔንም እሷንም ማየት የማይቻልሽ ከሆነ፣ የማታዪው ሰው እኔ ልሁን። በሃላባ በኩል የሚመጣው መኪና ሆሳዕና የሚገባው ከቀትር በፊት ነው። ከመናኸሪያው በጋሪ አትሳፈሪ፤ ጋሪ በእኛ በር ነው የሚያልፈው። በባጃጅ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሂጂና ከዚያ በላይኛው መንገድ በእግርሽ ውረጂ። የተሰበረውን ድልድይ በክረምቱ መጨረሻ ሠርተውታል፣ ጭቃውም ደርቋል። ትንሽ ይረዝምብሻል እንጂ፣ በዚያ ከመጣሽ እኔን ሳታዪ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

ጎረቤትሽ
ጣቢታ